የፍራፍሬ ትልና የቆላ ሙቀት



ዛሬ የምንነጋገረው ብርቱካንን፣ ዘይቱንንና ማንጎን ከውስጥ ስለሚበላው ትል ነው። የትሉ እናት በሌሊት የምትበር ትንሽ የእሳት ራት ናት። የትውልድ አገሯ አፍሪካ ሲሆን ኢትዮጵያም ከመኖሪያዎቿ አንዷ ናት። በ2009 ዓ.ም. ወደ አገራችን የገባውን የበቆሎ ተምች ያየ ሰው የእሳት ራት ልጅ ምን ያህል እንደሚያጠፋ ያውቃል።

በመጀመሪያ የወደቀ ፍሬ ሰንጥቃችሁ እዩ። ራሱ ቡናማ የሆነ፣ እግር ያለው፣ ሲያድግም ወደ ሮዝ የሚያደላ ትል ብታገኙ ይህችን ራት ጠርጥሩ። እግርም ራስም የሌለው የሚመስል ነጭ ትል ግን የፍራፍሬ ዝንብ ልጅ ነው።

ራቷ የራሷ የሰውነት ሙቀት የላትም፤ አየሩ ሲሞቅ ኑሮዋ ይፈጥናል፣ ሲበርድ ይዘገያል። ከ12 ዲግሪ ገደማ በታች ዕድገቷ ይቆማል ማለት ይቻላል። በብርድ አገር ብዙ ሳምንታት ትኖራለች፤ ዳሩ ግን ዕንቁላሏ ጥቂት ነው። በ25 ዲግሪ ገደማ ዕድሜዋ ያጥራል፤ ነገር ግን በዚያች አጭር ዕድሜ በመቶ የሚቆጠር ዕንቁላል ትጥላለች፤ ከዕንቁላል አንሥቶ ሌላ ራት እስኪሆንም አምስት ሳምንት ገደማ ይበቃል። እንግዲህ እናቲቱ ቶሎ ሞተች ብላችሁ ደስ አይበላችሁ፤ ልጆቿ ደርሰዋል።

የጋምቤላ ከተማ ከባሕር ጠለል በላይ 500 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ቆላ ናት፤ ራቷን የሚያስቆም ብርድ እምብዛም አይገኝባትም። በአውሮፓ ፖም የሚበላው ዘመዷ ክረምቱን በዛፍ ልጥ ሥር ተኝቶ ያሳልፋል። የእኛይቱ እንዲህ ያለ እንቅልፍ የላትም። ማንጎው ሲያልቅ ብርቱካን፣ ብርቱካኑም ሲያልቅ ባሚያ፣ በርበሬ፣ በቆሎና ጥጥ ይጠብቋታል።

«የበጋው ፀሐይ ይፈጀዋል» የሚሉ አሉ። እርግጥ ነው፣ እጅግ የበዛ ሙቀት ዕንቁላሏን ይቀንሳል። እርሷ ግን ቀኑን በቅጠል ጥላ ተሸሽጋ ውላ ሲመሽ ትወጣለች፤ ትሉም በፍሬው ውስጥ ተሸፍኗል። ትሉ አንዴ ከገባ በኋላ መድኃኒት መርጨትም ገንዘብን ማፍሰስ ነው።

የተጎዳ ፍሬ ያለጊዜው ቀልቶ ይወድቃል። ትሉም ጥቂት ቆይቶ ከፍሬው ይወጣና ራት ለመሆን አፈር ውስጥ ይገባል። ልንቀድመው የሚገባን እዚህ ላይ ነው። በወር አንድ ጊዜ መልቀም ለቆላ ገበሬ አይበቃም፤ በሳምንት ሁለት ጊዜ የወደቀውን ሁሉ ልቀሙ፤ በዛፉ ላይ ተበስቶ የቀረውንም አውርዱ። ከዚያ በኋላ ፀሐዩን አሠሩት፤ ፍሬውን በጥቁር ላስቲክ ከረጢት ከትታችሁ፣ አፉን ጠበቅ አድርጋችሁ አስራችሁ፣ ጥላ በሌለበት ቦታ ሁለት ሳምንት አስቀምጡት። በከረጢቱ ውስጥ የሚታፈነው ግለት ትሉን ይገድለዋል። ላስቲክ ያላገኘ ከግማሽ ሜትር በላይ ጉድጓድ ቆፍሮ ይቅበር። ወደ ባሮ ወንዝ አትጣሉት፣ ከማሳው ዳርም አትከምሩት።

የአንዱ ጓሮ ጸድቶ የጎረቤቱ ቢቀር ራቷ አጥር አያግዳትምና ልቀማውን በአንድ ቀን አድርጉት። በመንገድ ዳር ያሉ፣ ማንም የእኔ የማይላቸው የማንጎ ዛፎችም አሉ። የልማት ሠራተኞች ሆይ፣ ቀን ስትመድቡ ከእነርሱ ጀምሩ።