ዕዳው ይከፈል፤ ገበታውም አይራቆት

(በአሰላ ለካህናትና ለሰበካ ጉባኤ አባላት የቀረበ ንግግር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



ዛሬ የምንነጋገርበት ጉዳይ በብዙ ምእመናን ጓዳ ውስጥ ያለ፣ በዐደባባይ ግን የማይነሣ ነው። ይኸውም የግል ዕዳና ዕዳ ያለበት ቤት የሚመገበው ምግብ ነው። ሁለቱ ብዙ ጊዜ ተለያይተው ይታያሉ፤ ዕዳው ለብድርና ቁጠባ ማኅበሩ፣ ምግቡ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ይተዋል። በአንዲት እናት ጓዳ ግን አይነጣጠሉም። ዕዳው የሚከፈለው ከእህሉ፣ ከእንቁላሉና ከወተቱ ነው፤ የሚገባውም ብዙ ጊዜ ስለ መብልና ስለ ድግስ ነው። ስለዚህ አንዱን ያለ ሌላው ማቃናት አይቻልም።

በ2ኛ ነገሥት ምዕራፍ 4 የተጻፈውን የመበለቷን ታሪክ ሁላችንም እናውቀዋለን። ባሏ ከደቂቀ ነቢያት አንዱ ነበረ፤ በዛሬው አነጋገር የአገልጋይ ሚስት ነበረች ማለት ነው። እርሱ ዕዳ ትቶ ሲያልፍ አበዳሪው ሁለቱን ልጆቿን ለባርነት ሊወስድ መጣ። ነቢዩ ኤልሳዕ ያደረገውን በሥርዓት ብናስተውል ሦስት ነገር እናገኛለን። አስቀድሞ የጠየቃት የዕዳውን መጠን ሳይሆን በቤቷ ያለውን ነው። ቀጥሎ ማድጋዎችን ከጎረቤቶቿ እንድትዋስ አዘዛት። በመጨረሻም ዘይቱን ሸጣ ዕዳዋን እንድትከፍልና በቀረው ከልጆቿ ጋር እንድትኖር ነገራት። ዕዳው ሲከፈል ቤቱ አልተራበም። ሦስተኛው ነገር ብዙ ጊዜ ስለሚዘነጋ ንግግራችን በእርሱ ላይ ያተኩራል።

በቤታችን ያለው ምንድን ነው?

አርሲ የእህል አገር ነው። በጭላሎ፣ በካካና በገላማ ተራሮች ግርጌ ገብስ፣ ስንዴ፣ ባቄላ፣ አተርና ተልባ ይበቅላሉ። እ.ኤ.አ. በ1967 በስዊድን መንግሥት ድጋፍ የተቋቋመውና ሕዝቡ «ካዱ» እያለ የሚጠራው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት፣ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር በብድር ለገበሬው ያቀርብ እንደ ነበር አረጋውያኑ ያስታውሱታል። ብድሩ ምርት ማሳደጉን መካድ አይገባም። ነገር ግን በዘር ጊዜ ተበድሮ በመከር መክፈል አንድ ችግር አብሮት ይመጣል። በታኅሣሥና በጥር ሁሉም ዕዳውን ሊከፍል ሲል እህሉን በአንድ ጊዜ ወደ ገበያ ያወጣል፤ ገበያው ሲሞላም ዋጋው ይወርዳል። ያው ቤተሰብ በሐምሌና በነሐሴ ጎተራው ሲጎድል ዱቄት በዱቤ ይገዛል። በርካሽ የሸጠውን በውድ ይመልሳል፤ ልዩነቱም አዲስ ዕዳ ይሆናል።

የከተማው ደመወዝተኛም ከዚህ አልራቀም። ደመወዙ ወር ሳይሞላ ስለሚያልቅ የቀሪው ሳምንት አስቤዛ በባለ ሱቁ መዝገብ ይሰፍራል። በመዝገቡ ላይ የሚበዙት ዘይት፣ ስኳር፣ ማካሮኒ፣ ብስኩትና ለስላሳ መጠጥ ናቸው። ጎመን፣ ድንችና ባቄላ ግን በዚያ መዝገብ ላይ እምብዛም አይገኙም። እንግዲህ ገንዘባችንን የሚያሟጥጠውና ጤናችንን የሚጎዳው ብዙ ጊዜ አንድ ነገር መሆኑን ልብ እንበል።

አበው «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ያሉት በከንቱ አይደለም። ጤፍ መልካም እህል ነው። ነገር ግን ገብስ በሚበቅልበት ደጋ የሚኖር ሰው እንግዳ ፊት የገብስ እንጀራ ማቅረብን አፍሮ ጤፍ በዱቤ ሲገዛ፣ የገዛው ምግብን ሳይሆን ከኀፍረት መሸሸጊያን ነው። ገብስን የድኻ ምግብ ያደረገው ሰው ነው። በገብስ ውስጥ ያለው የሚሟሟ አሠር የደም ቅባትን ዝቅ በማድረግ ይታወቃል፤ በሶው፣ ቆሎው፣ ቅንጬውና ገንፎውም ለረጅም ጊዜ ያጠግባሉ። እህልና ጥራጥሬ ሲቀላቀሉ ደግሞ አንዱ የጎደለውን ሌላው ይሞላል። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በስዊድን ድጋፍ ተዘጋጅቶ በአገራችን የታወቀው «ፋፋ» የተሰኘው የሕፃናት ምግብ የተመሠረተው በዚሁ መንገድ ነው፤ እናቶቻችን ምጥን ሲያዘጋጁ የሚያደርጉትም ይህንኑ ነው።

በተቃራኒው 300 ሚሊ ሊትር የሚይዝ አንድ ጠርሙስ ለስላሳ መጠጥ 30 ግራም ገደማ ስኳር አለበት። የዓለም ጤና ድርጅት አንድ ሰው በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው እንዲመገብ፣ 400 ግራም ያህል አትክልትና ፍራፍሬም እንዲያገኝ ይመክራል። ይህ ምክር በአርሲ ደጋ ያለ ብዙ ወጪ ሊፈጸም የሚችለው በጓሮ ጎመን፣ በካሮት፣ በቀይ ሥርና በጥቅል ጎመን ነው። በሽሮው ላይ ጥሬ ቃሪያና ቲማቲም ቢጨመር፣ ሻይና ቡናም ከምግብ ጋር ሳይሆን ዘግየት ብለው ቢጠጡ፣ ሰውነት ከጥራጥሬው የሚያገኘው የብረት ማዕድን ይጨምራል። ይህን ለማድረግ ብድር አያስፈልግም።

እውነቱን ግን አንሸሽግ። ጤናማ ምግብ ሁሉ ርካሽ አይደለም። እንቁላል፣ ወተትና ቅቤ ገበያ ስለሚያወጡ ዕዳ ያለበት ቤት አስቀድሞ የሚሸጠው እነርሱን ነው። አባወራው ዕዳውን ከፈለ ተብሎ ይመሰገናል፤ ሕፃኑ ግን በዳቦና በሻይ ያድጋል። የአንድ ሕፃን የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ከታለፉ በኋላ የተጎዳውን እድገት መመለስ እጅግ ከባድ ነው። ለዚህ ነው የነፍሰ ጡር፣ የምታጠባ እናትና ከሁለት ዓመት በታች ያለ ሕፃን ድርሻ ለዕዳ የማይሸጥ ሊሆን የሚገባው።

ዕዳውን እንዴት እንክፈል?

ለስሌት ያህል 24,000 ብር ዕዳ ያለበትን ቤት እናስብ። 6,000 ብር የማዳበሪያ፣ 6,000 ብር የሱቅ ዱቤ፣ 12,000 ብር ደግሞ ለተዝካር ከግለሰብ በወር ከመቶ 5 ወለድ የተወሰደ ይሁን። የመጨረሻው በየወሩ 600 ብር ወለድ ያስከፍላል። ቤተሰቡ በየወሩ 600 ብር ብቻ ቢሰጥ ዕድሜ ልኩን ቢከፍልም 12,000ው አይነካም። 1,200 ብር ቢሰጥና ወለዱ በቀሪው ገንዘብ ላይ ብቻ ቢታሰብ ግን በ15ኛው ወር ነጻ ይወጣል። 1,200 ብር በቀን 40 ብር ነው። ይህም ገንዘብ በብዙ ቤት ለለስላሳ፣ ለስኳርና ለብስኩት ከሚወጣው ሊገኝ ይችላል።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ይሁን። በመጀመሪያ ባልና ሚስት አብረው ተቀምጠው ዕዳውን ሁሉ ከነወለዱ በወረቀት ላይ ያስፍሩ፤ ተደብቆ የቀረ ዕዳ እቅዱን ያፈርሳልና። ሁለተኛ፣ በመከር ጊዜ ለሽያጭ ከመጫን በፊት እስከ መስከረም የሚበላው እህልና ለዘር የሚሆነው ተሰፍሮ ይለይ። ሦስተኛ፣ ለሌሎቹ አበዳሪዎች ቀጠሮ ተጠይቆና ጥቂት ጥቂት እየተሰጠ፣ ወለዱ የከፋው ዕዳ አስቀድሞ ይከፈል። አራተኛ፣ ዕዳው እስኪያልቅ በሱቅ መዝገብ ላይ አዲስ መስመር አይጻፍ።

ስለ ወለድ ሕጉም ሊታወቅ ይገባል። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በግለሰቦች መካከል የሚደረግ የገንዘብ ብድር ወለድ በዓመት ከመቶ 12 እንዳይበልጥ ይወስናል፤ የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግም አራጣን ያስቀጣል። ከላይ በምሳሌ ያየነው በወር ከመቶ 5 በዓመት ከመቶ 60 ነው፤ ሕጉ ከፈቀደው አምስት እጥፍ መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ325 በኒቅያ የተሰበሰቡት አባቶች ከደነገጓቸው ቀኖናዎች 17ኛው፣ ካህን በወለድ ሲያበድር ቢገኝ ከማዕርጉ እንዲሻር ያዝዛል። ቤተ ክርስቲያን በዚህ ጉዳይ አፏን የምትይዝበት ምክንያት የለም።

የጎረቤት ማድጋ

ክቡራን አባቶች፤ መበለቷ ብቻዋን ብትሆን ዘይቱ የሚሞላበት ዕቃ አይኖራትም ነበር። ዛሬ ማድጋውን የሚያውሰው ጎረቤት ማን ነው? አጥቢያው ነው፤ ሰንበቴው፣ ማኅበሩና እድሩ ናቸው። ነገር ግን እነዚሁ ተቋማት ለዕዳ ምክንያት የሚሆኑበትም ጊዜ አለ።

ለአርባው፣ ለመንፈቁ፣ ለሙት ዓመቱ ድንኳን የሚተክለው ቤተሰብ ብዙ ጊዜ በሬውን ሸጦ ወይም ተበድሮ ነው። ደጋሹ እንዲህ ማድረጉን የሚበሉት ያውቃሉ፤ ይብቃ የሚል ግን አይገኝም። ሐዘንተኛው ራሱ ሊናገር አይችልም፤ ለሟቹ ሰሰተ ይባላልና። ስለዚህ መናገር ያለበት ካህኑ ነው። ለሞቱት የሚጠቅመው ጸሎተ ፍትሐቱ፣ መሥዋዕቱና ምጽዋቱ እንደ ሆነ እናስተምራለን። ጌታም በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 14 ብድራት ሊመልሱ የማይችሉትን ድኾች እንድንጠራ አዝዟል። ወላጅ አልባ ልጆችን ትቶ ላለፈ ሰው የሚደረግ ተዝካር የልጆቹን የዓመት ቀለብ ከበላ፣ ድኾቹ እነማን እንደ ሆኑ ዳግመኛ መጠየቅ ይገባናል።

ከዚህ ተነሥተን ለሰበካ ጉባኤያት የምናቀርበው አሳብ የሚከተለው ነው።

አንደኛ፣ እያንዳንዱ አጥቢያ ለተዝካርና ለክርስትና ድግስ ልክ ያውጣ፤ ውሳኔውም በዐውደ ምሕረት ይነገር። ውሳኔው የሁሉ ሲሆን ማንም በተናጠል አያፍርም።

ሁለተኛ፣ ሰንበቴውና ማኅበሩ ከሚሰበስቡት ጥቂቱን ለይተው ያለ ወለድ የሚበደር የችግር ጊዜ ገንዘብ ያቋቁሙ። መዝገብ ይኑረው፤ የሚጠብቁትም ከአንድ በላይ ይሁኑ፤ አንዲት እናትም ከጠባቂዎቹ መካከል ትኑር።

ሦስተኛ፣ በመከር ጊዜ አቅም ያላቸው ምእመናን እህላቸውን በአንድነት አከማችተው ዋጋው ሲሻል የሚሸጡበትን መንገድ ከኅብረት ሥራ ማኅበራት ጋር ይመካከሩ።

አራተኛ፣ የሰንበቴና የዝክር ገበታ አርአያ ይሁን። የገብስ ዳቦ፣ የባቄላ ንፍሮ፣ ጎመንና በሶ በቤተ ክርስቲያን ገበታ ሲከበሩ በምእመናን ቤትም ይከበራሉ።

አምስተኛ፣ ይህ ስለ ራሳችን ስለ አገልጋዮች ነው። የካህኑ ደመወዝ በወሩ ካልደረሰ የዱቤው መዝገብ በካህኑ ስም ይከፈታል። የመበለቷ ባል አገልጋይ እንደ ነበረ አንርሳ። ሰበካ ጉባኤው ሌላ ወጪ ከማጽደቁ በፊት የአገልጋዮቹን ድርሻ ይክፈል።

የንስሐ አባቶችም ልዩ አደራ አለባችሁ። የምእመኑን ቤት በር ሳታንኳኩ የምትገቡ፣ የማይነገረውን የምትሰሙ እናንተ ናችሁ። በጾም ወራት ነፍሰ ጡሯና የታመመው ሰው ከእናንተ ፈቃድ ይጠይቃሉ፤ አንዳንዶች ግን ፈርተው ሳይጠይቁ ይጎዳሉ። እናንተ ቀድማችሁ ጠይቁ። ሕፃናትም ቤተሰቡ ስለሚጾም ብቻ ወተት እንዳይከለከሉ አስረዱ። ቤት ስትባርኩም ነቢዩ የጠየቀውን ጠይቁ፤ በቤቱ ያለው ምን እንደ ሆነ፣ ስንት ዕዳ እንዳለ፣ ልጆቹም ምን እንደሚበሉ።

ዕዳ መክፈል የእምነት ሰው ግዴታ ነው፤ ከዚህ ማንንም ነጻ አናደርግም። ነገር ግን የሚከፈለው ከልጅ አፍ ተነጥቆ እንዳይሆን፣ በጎተራው የቀረው እህልም ለአንድ ቀን ድግስ እንዳይወጣ መጠበቅ የአጥቢያው ሥራ ነው። ለኤልሳዕ መበለት ከዕዳው የተረፈ ነበር፤ በአርሲ ምእመናንም ቤት እንዲተርፍ እግዚአብሔር ይርዳን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።