ስለ አስተራረስ ዘዴና በጎርፍ ስለሚወርደው የአረም ማጥፊያ መድኃኒት
(ለከተማው ሕዝብና ለአካባቢው ሹማምንት የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምናገርበት ጉዳይ የገበሬው ብቻ መስሎ ይታይ ይሆናል። ነገር ግን ከላይ ያለው እርሻ በክረምት የለቀቀውን ውሃ ከታች ያለው ከተማ ይጠጣዋልና ነገሩ የሁላችንም ነው።

በደጋው አገር የጤፍ ማሳ ከመዘራቱ በፊት 3 ጊዜ፣ 4 ጊዜ፣ ከዚያም በላይ በማረሻ ይታረሳል። ይህ አስተራረስ አረሙን ይነቅላል፤ ዐፈሩን ግን አድቅቆ ለጎርፍ ያጋልጠዋል። መሬቱን ሳያርሱ፣ አገዳና ገለባውን በላዩ ትተው የሚዘሩበት ዘዴ የዐፈሩን መታጠብ በእጅጉ ይቀንሳል። ሆኖም በዚህ ዘዴ በማረሻው ፈንታ አረሙን የሚያጠፋው መድኃኒት ስለሆነ፣ ዐፈሩ ከዳነ ውሃውም ድኗል ማለት አይቻልም።

የመድኃኒቶቹ ጠባይ አንድ አይደለም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1974 ለገበያ የቀረበው ግላይፎሴት ከዐፈር ጋር አጥብቆ ስለሚጣበቅ፣ ከሚታጠበው ዐፈር ጋር አብሮ ይሄዳል፤ በዚህ ረገድ ዐፈርን መጠበቅ ይረዳል። በስንዴና በጤፍ ማሳ የሚረጨው ቱ ፎር ዲ ግን በውሃ ሟምቶ ስለሚወርድ፣ ዐፈሩ ከቦታው ሳይነቃነቅ እንኳ ወንዝ ሊደርስ ይችላል።

ስለዚህ ውሃ ስለ ጠራ ብቻ ንጹሕ ነው አይባልም። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያወጣው የቱ ፎር ዲ ወሰን በ1 ሊትር 0.03 ሚሊግራም ነው። በዚህ ሒሳብ 1 ግራም ብቻ 33,000 ሊትር ያህል ውሃን እስከ ወሰኑ ያደርሳል። ውሃን ማፍላትም ተውሳክን ይገድላል እንጂ ይህን መድኃኒት አያስወግድም።

መድኃኒቱ በብዛት የሚታጠበው ከርጭቱ በኋላ በሚጥለው በመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ነው። እንግዲህ ሹማምንት ክረምት ሳይገባ ለገበሬው ሊያስረዱት የሚገባው ይህ ነው፦ ዝናብ ባንዣበበ ጊዜ እንዳይረጭ፤ የማሳው ፈሰስ በቀጥታ ወደ ወንዝ እንዳይከፈት፤ በማሳውና በወንዙ መካከል የሣር መሬት እንዲተው፤ የመርጫው ዕቃ በምንጭም በወንዝም እንዳይታጠብ። የከተማው ነዋሪም ባዶውን የመድኃኒት ጀሪካን ለውሃ መቅጃ ብሎ አይግዛ።

ማረሻን ማሳረፍ ለዐፈሩ በጎ ሥራ ነው። በጎነቱ ለውሃውም እንዲተርፍ የርጭቱ ጊዜና ቦታ ሊጠበቅ ይገባል።