ድምፅን ስለ መቁረጥና ስለ መቀጠል



ዛሬ ላቀርብላችሁ የመረጥሁት ርእስ ከድልድይና ከግድብ ጋር ሲነጻጸር አነስተኛ መስሎ ሊታይ ይችላል። ይሁን እንጂ በአዳማ፣ በሞጆ፣ በባቱና በሻሸመኔ አንድ ኮምፒዩተር፣ አንድ ማይክሮፎንና አንድ ጠባብ ክፍል ያለው ወጣት በቤቱ ሙዚቃ ይቀርጻል። የሚሠራው ሥራም ከእኛ ሙያ የራቀ አይደለም፤ ይኸውም ሞገድን መቁረጥ፣ መቀጠልና ማስተካከል ነው።

አምኃ እሸቴ እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1975 ሸክላ ባሳተመበት ዘመን ድምፅ የሚቀረጸው በማግኔት ክር ላይ ነበር። በክር ዘመን ባለሙያው የማይፈልገውን ክፍል በምላጭ ቆርጦ ያወጣና ጫፎቹን ያጣብቃል። ምላጩ ግን ክሩን ቀጥ አድርጎ ሳይሆን በ45 ዲግሪ አግድሞ ነበር የሚቆርጠው። ክሩ 6.35 ሚሊሜትር ስፋት ኖሮት በሰከንድ 38 ሴንቲሜትር ቢሮጥ፣ ያ አግድም ቁራጭ 17 ሚሊሰከንድ ያህል ይፈጃል። በዚያች ቅጽበት አንደኛው ድምፅ እየደከመ ሌላው እየበረታ ይገባልና ጆሮ መገጣጠሚያውን አያገኘውም።

ዛሬ ምላጩ ቀርቷል፤ ሕጉ ግን አልተሻረም። ድምፁ በሰከንድ 44,100 ጊዜ ተለክቶ በቁጥር ይቀመጣል። ሞገዱ ዜሮ ላይ ሳይደርስ ከተቆረጠ ቁጥሩ ድንገት ስለሚዘል ድምፅ ማጉያው «ጧ» ይላል። መድኃኒቱ ዜሮ ላይ መቁረጥ፣ ወይም ሁለቱን ቁራጮች ከ5 እስከ 10 ሚሊሰከንድ ማደራረብ ነው። ወጣቶቹ ክሮስፌድ የሚሉት ይህንኑ ነው።

ከዚህ የከበደው የምት ጉዳይ ነው። ፕሮግራሙ ሲከፈት በአራት የተከፈለ መስመር ያቀርባል። ችክችካ ግን በስድስት የሚቆጠር ምት ስለሆነ፣ መስመሩን ሳይለውጡ «አስተካክል» ብሎ ማዘዝ ከበሮውን ከቦታው ያፈናቅለዋል። ቅኝትም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣው ኦቶቲዩንና ተከታዮቹ ሲጀመሩ ኦክታቭን በ12 እኩል ክፍል የከፈሉ ናቸው፤ በአንዲት ጭራ ላይ ጣቱን የሚያንሸራትት የማሲንቆ ተጫዋች ግን የሚኖረው በክፍሎቹ መካከል ነው። በበኩሌ ይህን «ማረም» ብሎ መጥራት አልወድም።

የአዳማን ነፋስ የማያውቅ በመካከላችን የለም፤ እ.ኤ.አ. በ2012 የተመረቀው 51 ሜጋዋት የነፋስ ኃይል ማመንጫ ያለ ምክንያት እዚህ አልተተከለም። ለኃይል የበጀ ነፋስ ለቆርቆሮ ክዳን ቤት ቀረጻ ጠላት ነው። ድምፅ አጽጂው ፕሮግራም ጸጥ ካለው ክፍል የጫጫታውን ጠባይ ተምሮ ይቀንሳል፤ ነፋስ ግን ጠባዩን በየቅጽበቱ ይለውጣል። ከ80 ሄርዝ በታች ያለውን ሁሉ ቢቆርጡ ጉርምርምታው ይቀንሳል፤ ዳሩ ግን የከበሮው ሆድ አብሮ ይሄዳል። ስለሆነም ማለዳ ነፋሱ ሳይነሣ መቅረጽ፣ በመስኮቱም ላይ ወፍራም ብርድ ልብስ መስቀል ከማናቸውም ፕሮግራም ይሻላል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ ግን የዋናው ቅጂ ነገር ነው። በባቱ አካባቢ አንድ ወጣት የአያቱን ጌረርሳ በቤቱ ቀረጸ። ጌረርሳ በቋሚ ምት የማይታሰር ነውና ሽማግሌው በየመካከሉ ያርፉ ነበር። ወጣቱ ዕረፍቱን ባዶ ጊዜ መስሎት ጸጥታን በሚያሳጥረው ትእዛዝ በአንድ ጊዜ አስወገደና በዋናው ፋይል ላይ ደርቦ አስቀመጠው። አያቱ ሲሰሙት፣ «ልጄ፣ ይህ ሰውዬ ማን ያባርረዋል?» አሉ። እንደገና ለመቅረጽ ሲታሰብ ሽማግሌው ታመው ነበር፤ ብዙም አልቆዩም።

ይህ ጥፋት ሊቀር የሚችል ነበር። እንደ ሪፐርና ኪውቤዝ ባሉት ፕሮግራሞች መቁረጥ ማለት «ከዚህ እስከዚህ አጫውት» ብሎ ማስታወሻ መያዝ እንጂ ቁጥሮቹን ማጥፋት አይደለም፤ የተቆረጠው ጫፍ ሲጎተት ተመልሶ ይመጣል። አደጋው የሚመጣው ያልተቆረጠው ፋይል ሲደለዝ ነው። በ16 ቢት ስቴሪዮ የአንድ ደቂቃ ድምፅ 10.6 ሜጋባይት ያህል ይይዛል፤ የአንድ ሰዓት ጌረርሳ ከ640 ሜጋባይት አይበልጥም። ቀረጻው እንዳበቃ፣ አንድም ቁራጭ ሳይነካ፣ ፋይሉን ወደ ሁለተኛ ዲስክ መገልበጥና በስሙ ላይ የባለ ድምፁን ስም፣ ቦታውንና ቀኑን መጻፍ ያስፈልጋል። መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር ደግሞ ዲስኩ ከኮምፒዩተሩ ተነቅሎ ቢቀመጥ ይመረጣል።