በዓል ሲደርስ ግቢ ውስጥ ማን ይቀራል?

(በቀድሞ ተማሪዎች ማኅበር የመገናኛ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



እኔ የጉለሌ ልጅ ነኝ፤ ያደግሁት ሽሮሜዳ ነው። ስድስት ኪሎ ግቢ የምመጣው ቁልቁል በእግሬ ነበር። ግቢው ሩቅ አገር ሆኖብኝ አያውቅም። ዛሬ የማወራው ግን ሩቅ አገር ስለሆነባቸው ተማሪዎች ነው።

በሚያዝያ 1950 ዓ.ም. ነጻ የወጡት የአፍሪካ መንግሥታት አክራ ላይ ተሰበሰቡ። አፄ ኃይለ ሥላሴም በዚያው ዘመን ለአፍሪካ ወጣቶች የነጻ ትምህርት ዕድል ሰጡ። ከኬንያ፣ ከኡጋንዳ፣ ከታንጋኒካ፣ ከናይጄሪያ ተማሪዎች መጡ። ኮሌጁ ያኔ አራት ኪሎ ነበር። ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ለዩኒቨርሲቲው ተሰጥቶ በታኅሣሥ 1954 ዓ.ም. ተመረቀ። በዚያው ዓመት ትምህርታቸውን ከጨረሱት አንዱ ኬንያዊው ሮበርት ኡኮ ናቸው፤ ኋላ የአገራቸው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆነዋል።

እነዚህ እንግዶች ስለ ቅኝ አገዛዝና ስለ ነጻነት በግልጽ ይከራከሩ ነበር። ታላላቆቻችን መንግሥትን በአደባባይ መተቸት ገና አልለመዱም። ለተማሪው መንቃት የእንግዶቹ ድርሻ ቀላል አልነበረም። ነገር ግን አንዳንዱ የእኛ ተማሪ «አፍሪካውያኑ» እያለ ይጠራቸው ነበር፤ ራሱን ሳይቆጥር!

ይህን የምለው በሰው ለመፍረድ አይደለም። ከስንት ዓመት በኋላ እኔም ያንኑ አድርጌዋለሁ። አንደኛ ዓመት ሳለሁ አጠገቤ የተቀመጠውን ረጅም፣ ጥቁር ልጅ ከየት አገር እንደመጣ በእንግሊዝኛ ጠየቅሁት። አስጨርሶኝ በጥሩ አማርኛ «ከጋምቤላ ነኝ። አንተስ?» አለኝ። እኔ ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም።

ያው ጓደኛሞች ሆንን፤ ሻይ አብረን እንጠጣ ነበር። ፋሲካ ደረሰ። ቤቴ የግማሽ ሰዓት መንገድ አይሞላም፤ ግን ና እንሂድ አላልኩትም። በዓሉን ዶርም ውስጥ ብቻውን እንደዋለ የሰማሁት ሰኞ ነው። ለእናቴ ብነግራት «አንተ ልጅ፣ ምነው ሳታመጣው?» አለችኝ። እስከ ዛሬ መልስ የለኝም።

ዛሬም ከየክልሉ፣ ከደቡብ ሱዳንም ጭምር ተማሪዎች ይመጣሉ። የዩኒቨርሲቲያችን የባህል ማዕከል ለግጥሙም፣ ለቴአትሩም፣ ለሙዚቃውም መድረክ ነው። ትልቅ ነገር ነው። ግን ተማሪው የአገሩን ጭፈራ ሲያሳይ አጨብጭበን ስንወጣ፣ ስሙን የጠየቅነው ስንቶቻችን ነን? መድረክ ያስተዋውቃል፤ የሚያዛምደው ግን ማዕድ ነው።

ስለዚህ ሁለት ነገር እለምናችኋለሁ። አንደኛ፣ ማኅበራችን ከባህል ማዕከሉ ጋር ሆኖ መዝገብ ይክፈት፤ በዓል ሲደርስ ግቢ የሚቀሩ ተማሪዎች ከፈለጉ ይመዝገቡ፤ ከሽሮሜዳ እስከ አዲሱ ገበያ፣ ከዚያም ወዲያ ያለን አባላት ሁለት ሁለት ተማሪ እንውሰድ። ገንዘብ አያስፈልገውም፤ ሁለት እንጀራ መጨመር ነው። ሁለተኛ፣ ከእነዚያ አፍሪካውያን ጋር የተማሩ አረጋውያን አባሎቻችን ሳያመልጡን ትዝታቸውን እንቅረጽ።

የመዝገቡ የመጀመሪያ መስመር ላይ የእኔን ስም ጻፉልኝ። ለመጪው ፋሲካ ቤቴ ሁለት ቦታ አለ።