ከስብሰባ አዳራሽ እስከ አሞራ ገደል

ውሎ አበል፣ ማለትም ከመደበኛ የሥራ ቦታው ርቆ ለሚሠራ ሠራተኛ ለምግብና ለማደሪያ የሚታሰብ ክፍያ፣ ተቆርጦለት ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ወደምትገኘው ሐዋሳ ለስብሰባ የሚጓዝ ባለሙያ፣ ብዙ ጊዜ ከተማዋን የሚያውቃት በሆቴሉ አዳራሽና በሻይ እረፍቱ ልክ ብቻ ነው። ቅዳሜን ጨምሮ የሚያድር ግን ሌላ ከተማ ያገኛል፤ በማለዳ አሞራ ገደል በተባለው የዓሣ ገበያ ጀልባዎች ከሐዋሳ ሐይቅ ሲመለሱ፣ አጥማጆቹ ቆሮሶ የተባለውን ዓሣ ከመረብ እየፈቱ ሲያወጡ፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ራሰ በራ ትልልቅ ወፎችም የሚጣለውን የዓሣ አንጀት ከሰው እግር ሥር ሲሻሙ ይመለከታል። ሐይቁ ወደ ውጭ የሚፈስበት ወንዝ ሳይኖረው ውኃው ጨዋማ አለመሆኑ ደግሞ እጅግ የሚያስደንቅ ነው። የስብሰባ አዘጋጆች ከመርሐ ግብራቸው ላይ ቢያንስ አንድ ማለዳ ለከተማዋ ሊተዉላት ይገባል።