ዩኒፎርሙ እስከ ሰኔ እንዲደርስ

(በማኅበራችን ወርሃዊ ስብሰባ ላይ ከሒሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር)



የሒሳብ ክፍሉ ተራ ሲደርስ ሁላችሁም የምትጠብቁት የቁጠባውን፣ የብድሩንና የቅጣቱን ዝርዝር ነው። እሱን በወረቀት አድለናል፤ ቤት ወስዳችሁ ተመልከቱት። ዛሬ የምንናገረው ከልጆቻችን ዩኒፎርም ላይ አልለቅ ስለሚለው እድፍ ነው። "ሒሳብንና እድፍን ምን አገናኛቸው?" የምትሉ አትጠፉም። በመስከረም ለዩኒፎርም ተብሎ የሚጠየቅ ብድር እንግዳ ነገር አይደለም። የሚያሳስበን በጥርና በየካቲት፣ ለዚያው ልጅ፣ ለዚያው ዩኒፎርም ለሁለተኛ ጊዜ የሚጠየቀው ነው።

እስቲ አብረን እናስላው። አንድ ሙሉ ዩኒፎርም ከነስፌቱ 1,500 ብር ወጣበት እንበል። ልጁ ከመስከረም እስከ ሰኔ አሥሩንም ወር ከለበሰው ለወሩ 150 ብር ደረሰው ማለት ነው። በጥር መጨረሻ "ከዚህ በኋላ አይለበስም" ተብሎ ከተጣለ ግን ያገለገለው አምስት ወር ብቻ ነው፤ የወሩ ወጪ 300 ብር ሆነ። በዚያ ላይ ሌላ 1,500 ብር ሊፈለግ ነው። ልብሱ አልተቀደደም፣ አልነተበም። አንድ የእስክሪብቶ ወይም የወጥ እድፍ ብቻ ዕድሜውን በግማሽ ቆረጠው።

የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ከ2012 ዓ.ም. አንስቶ ለመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪዎች ዩኒፎርም በነጻ መስጠት መጀመሩ ለብዙ እናቶች እፎይታ ሆኗል። ሆኖም በነጻ የተገኘውም ልብስ ቢሆን በዓመቱ መካከል ሲበላሽ የመተካቱ ጭንቀት የእናት ነው። ስለዚህ ልብሱ በግዢ ይምጣ በስጦታ፣ አያያዙ ላይ መነጋገሩ አይጎዳንም።

ከሳሙናው በፊት አንድ ነገር እናንሳ። አብዛኛው እድፍ የሚያስቸግረን ብርቱ ስለሆነ ሳይሆን ስለቆየ ነው። ልጁ ሰኞ ሸሚዙ ላይ ወጥ ያፈሳል። ቁጣ ስለሚፈራ ሹራቡን ደርቦ ይደብቀዋል። ቅዳሜ ልብስ ሲታጠብ እናት ታገኘዋለች። በዕለቱ ቢሆን በጥቂት ደቂቃ ይለቅ የነበረው እድፍ በአምስት ቀን ውስጥ ክሩ ውስጥ ገብቶ ተቀምጧል። ያኔ መፈተግ ይመጣል፤ ፍትጊያው ደግሞ ጨርቁን ያሳሳዋል። እንግዲህ የመጀመሪያው የእድፍ ማስለቀቂያ ልጁ ሳይፈራ እንዲነግረን ማድረግ ነው። ማታ ከትምህርት ቤት ሲመለስ "ዛሬስ ልብስህ ምን በላ?" ብሎ በጨዋታ መጠየቅ ምንም አያስወጣም። አባቶቻችን "ሳይቃጠል በቅጠል" የሚሉት ለዚህም ይሠራል።

ሁለተኛው ነገር ምን እንደነካው ማወቅ ነው። ደም፣ ዘይትና ቀለም በአንድ መንገድ አይለቁም። ሦስተኛው፣ እድፉ መልቀቁ ሳይረጋገጥ ልብሱን በፈላ ውኃ አለመንከር፣ ካውያም አለማሳረፍ ነው። ሙቀት ብዙውን እድፍ ጨርቁ ላይ ያጣብቀዋል። አራተኛው፣ ማንኛውንም ማስለቀቂያ ቀለም ባለው ልብስ ላይ ከማፍሰስ በፊት በውስጥ በኩል፣ ስፌቱ አጠገብ፣ በጠብታ መሞከር ነው። የልብሱ ቀለም ከለቀቀ እዚያው እናቆማለን።

አሁን ወደ እያንዳንዱ እንሂድ።

ደም። ነስር ሊሆን ይችላል፣ ወድቆ የተላጠ ጉልበት ሊሆን ይችላል። በቀዝቃዛ ውኃ ብቻ ነው። ሙቅ ውኃ ደሙን እንደ እንቁላል ያበስለዋል፤ ከዚያ በኋላ ለማስለቀቅ እጅግ ያስቸግራል። ከጀርባው በኩል ቀዝቃዛ ውኃ እያፈሰስን እንግፋው፤ ከደረቀም ጨው በጨመርንበት ቀዝቃዛ ውኃ ለግማሽ ሰዓት ዘፍዝፈን በሳሙና እንጠበው። ነጭ ሸሚዝ ላይ ጥላ ከቀረ፣ ፋርማሲ ለቁስል ማጠቢያ የሚሸጠውን 3 በመቶ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ጠብ ማድረግ ነው። አረፋ ያወጣል፤ አረፋው ሲቆም ማለቅለቅ ነው።

ወጥና ዘይት። እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ በየቤቱ የሚታየው ልብሱን ወዲያው ውኃ ውስጥ መንከር ነው። ዘይትና ውኃ ግን አይስማሙም። አስቀድመን ጥቂት የስንዴ ዱቄት ነስንሰንበት ዘይቱን እንዲጠጣ እንተወው፤ ከዚያ እናራግፈው። ጨርቁ ገና ደረቅ እያለ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ሳይቀጥን እንቀባው። ከሩብ ሰዓት በኋላ ለብ ባለ ውኃ እናሸዋለን። የአልጫ ወጥ ከሆነ አንድ የሚያስደነግጥ ነገር አለ፤ በእርዱ ምክንያት ቢጫ የነበረው እድፍ ሳሙና ሲነካው ይቀላል። የእርድ ጠባይ ነው፣ ልብሱ አልተበላሸም፤ ሲለቀለቅ ወደ ቢጫው ይመለሳል። የእርድንም የበርበሬንም ርዝራዥ የሚጨርሰው ፀሐይ ነው። እርጥቡን ልብስ እድፉን ወደ ፀሐይ አድርገን እናስጣው፤ ካስፈለገ በማግስቱ እንድገመው።

እስክሪብቶ። ኪስ ውስጥ ሲፈስ ውኃም ሳሙናም አናስነካው፤ ቀለሙ ይሰፋል። ከእድፉ በታች ንጹሕ ነጭ ጨርቅ እናንጥፍ። በጥጥ ላይ የፋርማሲ አልኮል አድርገን ከዳር ወደ መሐል ጠቅ ጠቅ እናድርገው፤ አንፈትገው። ቀለሙ ወደ ታችኛው ጨርቅ ይወርዳል፤ ጨርቁን ቶሎ ቶሎ እንቀያይረው። ቤት ውስጥ የተረፈ የእጅ ሳኒታይዘርም ለዚህ ያገለግላል። አልኮል በእሳት ስለሚያያዝ ከምድጃና ከሻማ ርቀን እንሥራ። የሣር አረንጓዴም በዚሁ መንገድ ይለቃል።

ጭቃ። እዚህ ላይ ብቻ መቸኮል አይገባም። እርጥቡን ጭቃ ማሸት ወደ ውስጥ ማስገባት ነው። ይድረቅ፤ ከዚያ በብሩሽ እናራግፈው፤ የቀረውን በሳሙና እንጠበው።

ዝገት። ከዴስክ ሚስማር ወይም ከአጥር ይመጣል። ሎሚ ጨምቀን፣ ጨው ነስንሰን፣ ፀሐይ ላይ እናቆየውና እናለቅልቀው። በረኪና ለዝገት አይሆንም፤ ያብሰዋል።

ሻማ። መብራት ጠፍቶ የቤት ሥራ ሲሠራ የሚንጠባጠበው ነው። ይደርና ይጠንክር፤ በማንኪያ ጀርባ እንፋቀው። ከላይም ከታችም ሶፍት አድርገን ለብ ባለ ካውያ ብንጫነው ሰሙን ሶፍቱ ይጠጣዋል። ካውያ ቀድሞ የሚገባበት እድፍ ይህ ብቻ ነው።

ኮሌታና እጅጌ። ይህ የላብና የሰውነት ቅባት ነው። ማታ አርጥበን ደረቅ ሳሙና ጥቅጥቅ አድርገን ቀብተን እናሳድረው፤ ጠዋት ባረጀ የጥርስ ብሩሽ ቀስ ብሎ ማሸት ይበቃዋል። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይህ ትልቅ ጥቅም አለው። የተቀባው ቦታ ብቻ ስለሚታሸ ጀሪካን ሙሉ ውኃ አይፈጅም።

አሁን ስለ በረኪና። በረኪና ለነጭ ጥጥ በልኩ ጥሩ ነው። ቀለም ያለውን ሱሪና ጉርድ ግን ቀለሙን ይወስደዋል፤ ሹራብንም ያበላሻል። ከሁሉ በላይ ልንጠነቀቅበት የሚገባን ሁለት ነገር አለ። አንደኛ፣ በረኪናን ከሎሚ ወይም ከአቼቶ ጋር በአንድ ሳፋ መቀላቀል ሳንባ የሚጎዳ መርዛማ ጋዝ ያወጣል። ሽንት የነካው ጨርቅ ላይም አስቀድሞ ሳይለቀለቅ በረኪና አይደረግም። ሁለተኛ፣ በረኪናን በውኃ ወይም በለስላሳ ፕላስቲክ ቀድተን ወለል ላይ ማስቀመጥ ለሕፃናት አደጋ ነው፤ ውኃ መስሏቸው ይጠጡታል። ልጅ ከማይደርስበት ከፍ ያለ ቦታ ላይ፣ በግልጽ ተጽፎበት ይቀመጥ። እድፍ ሊታጠብ ይችላል፤ የተቃጠለ ጉሮሮ ግን አይታጠብም።

ልብስ ማጠብን እንደ ቀላል ሥራ ለሚያዩ ሰዎች አንድ ነገር እናስታውሳቸው። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ አካባቢ ወንዝ ዳር ሲያጠኑ፣ ሰዎች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች የቢልሃርዚያ ተሸካሚ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ከዚያ የተነሳው ምርምር በዓለም ታወቀ። መነሻው የእናቶቻችን ሳሙና ነበር። እናቶቻችን የትኛው ጨርቅ በምን እንደሚጸዳ ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። እኛም ይህን ዕውቀት ማቆየት አለብን።

በመጨረሻ በአዳራሽ ለመናገር የምናፍርበትን እናንሳ። ሴት ልጆቻችን የወር አበባ ጉርዳቸው ላይ ሲታይ ምን ይሆናሉ? ዴስካቸው ላይ ተቀምጠው ሌላው ተማሪ እስኪወጣ ይጠብቃሉ፤ በማግስቱ "አሞኛል" ብለው ይቀራሉ። ቀን ሲደጋገም ትምህርት ይዝላል። እድፉ ከሌላው ደም አይለይም፤ ቀዝቃዛ ውኃና ሳሙና ያስለቅቀዋል። የሚያስቸግረው ማፈሩ ነው። ልጅቱ ቀኗ ከመድረሱ በፊት እንንገራት። ቦርሳዋ ውስጥ ሞዴስ ወይም ንጹሕ ጨርቅ፣ ትንሽ ሳሙናና ወገቧ ላይ የምታስረው ሹራብ ይኑራት። ቤት ስትመጣም ጉርዷን ደብቃ ሳይሆን አውጥታ እንድትነግረን፣ አጠባውንም ራሷ እንድትችል እናስተምራት። ወንዶች ልጆቻችንም እንዳይስቁባት ከቤት እንጀምር።

ከዚህ ተነሥተን ለጉባኤው ሦስት ሐሳብ እናቀርባለን። አንደኛ፣ በየቡድኑ አንድ የጋራ ሣጥን ይኑር፤ አልኮል፣ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ፣ ጥጥና ብሩሽ ይያዝበት። አንድ ጠርሙስ ለአንድ ቤት ብዙ ነው፤ ለአሥር ቤት ግን በአሥር ይካፈላል። ሁለተኛ፣ ልጆቻችን ያደጉበትን ዩኒፎርም አጽድተን እናምጣ፤ ተመዝግቦ ለሚያስፈልገው ይሰጥ። ሦስተኛ፣ ለልጆቻችን ልብስ ለምትረዱን ደጋፊዎች፣ ከሸሚዙ ጋር ሳሙናና ሞዴስ ብታስቡልን፣ የሰጣችሁት ልብስ ዓመቱን እንዲጨርስ እኛ እንተጋለን። ወጪውንና ገቢውንም እንደተለመደው በየሦስት ወሩ በዚህ መጽሔት እናሳውቃለን።

በሚመጣው ስብሰባ እያንዳንዳችን በቤታችን ያስቸገረንን አንድ ልብስ ይዘን እንምጣ። ሳፋውንና ውኃውን እኛ እናዘጋጃለን፤ አብረን እንሞክረዋለን። ከእኛ የተሻለ ዘዴ የምታውቁ እናቶችም እንደምታስተምሩን ተስፋ እናደርጋለን።