የማርስን ቀለም ማን ይመሰክራል?

የዛሬው ወጋችን ስለ ማርስ ፎቶግራፎች ነው። ውበታቸውን ሌሎች ብዙ አድንቀውታል፤ እኔ ማንሣት የምፈልገው የምናየውን ቀለም እንድናምን የሚያደርገን ምን እንደሆነ ነው።

በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጁላይ 20 ቀን 1976 ቫይኪንግ 1 የተባለችው መንኮራኩር ማርስ ላይ አረፈች። በማግስቱ የመጀመሪያው ባለቀለም ምስል መጣ። መሬቱ ቀላ ያለ፣ ሰማዩ ደግሞ ሰማያዊ ቢጤ ነበር፤ እዚሁ ምድር ላይ ያለ በረሃ ይመስል ነበር። ቀለሙ ግን በጥድፊያ የተቀናበረ ነበር። ሳይንቲስቶቹ መንኮራኩሯ ይዛው ከሄደችው የቀለም ሰሌዳ ጋር አመሳክረው ሲያስተካክሉት፣ ሰማዩ ወደ ሮዝ የሚያደላ ሆኖ ተገኘ። አየሩ ላይ የሚንሳፈፈው ደቃቅ አቧራ የሚሰጠው መልክ ነው። የሥነ ፈለክ ተመራማሪው ካርል ሳጋን «ኮስሞስ» በተሰኘው መጽሐፉ እንደሚተርከው፣ ይህ ሲነገር የተሰበሰቡት ጋዜጠኞች በወዳጅነት የተቃውሞ ድምፅ አሰሙ። ሰማያዊው ሰማይ በአንድ ቀን ልባቸው ገብቶ ኖሯል።

ካሜራ በራሱ ቀለም አያውቅም። ብርሃን የሚቀበለው ክፍል የሚለካው ምን ያህል ብርሃን እንደደረሰው ብቻ ነው። በ2004 ማርስ ላይ ያረፉት ስፒሪትና ኦፖርቹኒቲ የተባሉ ተሽከርካሪ ሮቦቶች (ሮቨሮች) ፓንካም የሚባሉ ሁለት ሁለት ካሜራዎች ነበሯቸው፤ ሁሉም የሚያነሡት ጥቁርና ነጭ ነበር። እያንዳንዱ ካሜራ ስምንት ቦታ ያለው፣ የሚሽከረከር የማጣሪያ ጎማ ነበረው። አንዱን ድንጋይ በቀይ ማጣሪያ፣ ቀጥሎ በአረንጓዴ፣ ቀጥሎ በሰማያዊ ያነሡት ነበር፤ ሦስቱ ምስሎች ምድር ላይ ሲዳበሉ ቀለም ይወለድ ነበር። በ2012 ያረፈችው ኪዩሪዮሲቲ ልክ እንደ ስልካችን ካሜራ ሦስቱን ቀለሞች በአንድ ጊዜ ማንሣት ትችላለች፤ እሷም ብትሆን ተጨማሪ ማጣሪያዎችን አልተወችም። ምክንያቱም ማዕድናት የሚለዩት በሦስት ቀለም ብቻ አይደለም፤ ዓይናችን የማያየው፣ ከቀይ ወዲያ ያለው ኢንፍራሬድ ብርሃን ብዙ ያጋልጣል።

ሽሮ ሜዳ ጥለት የምትመርጥ ሴት ጨርቁን ከሱቁ መብራት አውጥታ ፀሐይ ላይ ታየዋለች። ማርስ ላይ ግን ፀሐይዋ ራሷ በአቧራ ተጣርታ ነው የምትደርሰው። ስለዚህ መልኩ አስቀድሞ የታወቀ ነገር ይዞ መሄድ ግድ ነው። ስፒሪትና ኦፖርቹኒቲ የያዙት የቀለም ሰሌዳ ትንሽ የፀሐይ ሰዓት ነበር። አራት ማዕዘኖቹ ላይ ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ፣ መሐሉ ላይ ግራጫ ቀለበቶች አሉት። ከመሐሉ የቆመችው ዘንግ የምትጥለው ጥላ፣ ከሰማዩ የሚመጣው ብርሃን ምን መልክ እንዳለው ይናገራል።

በዚህ ሰሌዳ ምክንያት የተነሣውን ሙግት እወደዋለሁ። አንዳንድ ምስሎች ላይ ሰማያዊው ማዕዘን ሮዝ ሆኖ ታየ። ናሳ ቀለሙን ሆን ብሎ ለወጠ የሚል ጥርጣሬ ተነሣ። ምክንያቱ ሲፈተሽ፣ እነዚያ ምስሎች ሲዳበሉ በቀዩ ፈንታ የገባው ወደ ኢንፍራሬድ የተጠጋ ማጣሪያ ነበር። የሰሌዳው ሰማያዊ ቀለም ደግሞ ያንን ብርሃን አጥብቆ ያንጸባርቃል። ጥርጣሬው ተገቢ ነበር፤ መልሱን የሰጠውም ያው ሰሌዳ ነው። የጂኦሎጂ ባለሙያዎች አንዳንዴ ምስሉን በምድር ፀሐይ የበራ አስመስለው ያስተካክሉታል፤ ድንጋይን ሲለዩ የኖሩት በዚህ ብርሃን ነውና። ይህ ማታለል አይደለም። ግን የማርስን ፎቶ የሚያሳየን ሁሉ በየትኛው ብርሃን እንደተዘጋጀ አብሮ ሊነግረን ይገባል እላለሁ።

ከቀለም ሌላ፣ ፎቶዎቹ ርቀትንም ይነግሩናል። እንዴት? አውራ ጣታችሁን ፊታችሁ አቁሙና ዓይኖቻችሁን በየተራ ጨፍኑ። ጣታችሁ ከግድግዳው አንጻር ቦታ የቀየረ ይመስላል፤ ስታርቁት ፈረቃው ያንሳል። ኮምፒውተሩም አንዱን ጠጠር ከግራውና ከቀኙ ምስል ላይ ፈልጎ፣ ፈረቃውን ለክቶ ርቀቱን ያሰላል። የሰው ዓይኖች በ6.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይራራቃሉ፤ የፓንካም ሁለቱ ካሜራዎች ግን በ30፣ የኪዩሪዮሲቲና በ2021 ያረፈችዋ የፐርሲቪራንስ የመንገድ ካሜራዎች ደግሞ በ42 ሴንቲ ሜትር ገደማ። ሲራራቁ ሩቁን መለካት ይቀላል። ለሩቅ ኮረብታ ይህም አይበቃም፤ ሮቨሯ ወደ ጎን ጥቂት ሜትሮች ተጉዛ ደግማ ታነሣለች።

ይህ የርቀት ልኬት ለጌጥ የሚደረግ አይደለም። ምልክት በማርስና በምድር መካከል ለመጓዝ፣ ሲቀራረቡ 3 ደቂቃ ያህል፣ ሲራራቁ ከ20 ደቂቃ በላይ ይፈጅበታል። «አቁም» የሚለው ትእዛዝ እስኪደርስ ጎማው አሸዋ ውስጥ ተቀብሯል። ስለዚህ ምድር ላይ ያሉት የሮቨሯ ነጂዎች ከሁለቱ ምስሎች የተሠራውን የመሬት ካርታ አይተው መንገዱን አስቀድመው ይተልማሉ።

የኪዩሪዮሲቲ ዋና ካሜራዎች አንድ ችግር ነበረባቸው፤ የግራው ሌንስ 34፣ የቀኙ 100 ሚሊ ሜትር ስለሆነ አንዱ ሰፊውን፣ ሌላው ጠባቡን ያያል፤ ማጣመሩ አስቸጋሪ ነበር። ፐርሲቪራንስ ግን ሁለቱም እኩል የሚያቀርቡና የሚያርቁ ካሜራዎች አሏት።

የቀረው ጠላት አቧራ ነው። የቀለም ሰሌዳው ራሱ በአቧራ ሲለብስ ምን ይደረጋል? የማርስ አቧራ በማግኔት ይሳባል። ስለዚህ ከፐርሲቪራንስ ሰሌዳ ክብ ቀለሞች ሥር ቀለበት የመሰሉ ማግኔቶች ተቀበሩ። አቧራው ወደ ቀለበቱ ይሳብና መሐሉ ከሌላው ይልቅ ንጹሕ ሆኖ ይቆያል፤ ሳይንቲስቶቹም ቀለሙን የሚለኩት ከዚያ ነው።